ሣሩ የማን ነው? የደባርቅ፣ የዳባትና የሰሜን ተራሮች ግርጌ መሬት ማገገም ሲዳሰስ

ከጎንደር ተነስቶ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚወጣ መንገደኛ የአካባቢውን መሬት ጉዳትም ማገገምም በመኪና መስኮት ሊያየው ይችላል። እስከ ሥሩ የተጋጠ ሜዳ፣ ሜዳውን ለሁለት የሰነጠቀ ቦረቦር፣ ከቦረቦሩ ማዶ ደግሞ በእርከን የተከበበ ኮረብታ አለ። በየመንደሩ ጥግ ባሕር ዛፍ ቆሟል፤ ወይራና ጥድ የቀረው ግን በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። ዳባት ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር፣ ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ከደባርቅ አልፎ መንገዱ በሊማሊሞ ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ ቆላ ይወርዳል፤ በስተምሥራቅ ደግሞ ከፍታው ከ4,500 ሜትር የሚበልጠውን ራስ ደጀንን የያዘው የሰሜን ተራሮች ሰንሰለት ይዘረጋል። ከውርጭ እስከ ቆላ ያለው የአየር ንብረት ሁሉ በጥቂት ሰዓት መንገድ ውስጥ የተጠጋጋበት አገር ነው።

ስለ ተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ የሚቀርብ ሪፖርት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በእርከኑ ኪሎ ሜትርና በተተከለው ችግኝ ብዛት ነው። ቁጥሩ ሥራ መሠራቱን ይናገራል፤ ሥራው መቆየቱን ግን አይናገርም። ለእኔ ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ በተከለለው ኮረብታ ላይ የበቀለው ሣር የማን ነው የሚለው ነው። ማን ያጭደዋል? እንዴት ይከፋፈላል? ከብቱን ያስገባውን ማን ይቀጣል? መልሱ በመንደሩ ሰው ዘንድ በታወቀበት ቦታ መሬቱ የማገገም ዕድል አለው፤ ባልታወቀበት ቦታ እርከኑም ችግኙም ባለቤት አልባ ሆኖ ይቀራል።

ደጋው እንዴት ተራቆተ ሲባል ሁልጊዜ የምትመዘዝ አንዲት ቁጥር አለች፤ ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ በደን ተሸፍኖ ነበር የምትለው። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን የዚህች ቁጥር መሠረት የላላ መሆኑን ካሳዩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ቤልጂየማዊው ያን ኒሰንና ባልደረቦቻቸውም የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ ሲዘምት ያነሳቸውን ፎቶዎች ይዘው ወደ ትግራይ ቦታዎች ተመልሰው ሲያነጻጽሩ፣ በብዙ ሥፍራ የዛሬው የዛፍ ሽፋን ከያኔው የተሻለ ሆኖ አግኝተውታል። ይህ ነገር ለአካባቢያችን ትልቅ ትርጉም አለው። የሰሜን ገበሬ ትናንት ለምለም የነበረን ደን በአንድ ትውልድ ያጠፋ አጥፊ ተደርጎ መታየቱ ሐሰት ብቻ ሳይሆን፣ ከመሬቱ እንዲነሳ ለሚቀርብ ሐሳብ ሁሉ ማሳመኛ ሆኖ ኖሯል።

የአፈሩ መታጠብ ግን እውነት ነው። ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ በ1960ዎቹ መጨረሻ በሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲሠሩ የገብስ ማሳ ያረፈባቸውን ተዳፋቶች አፈር መርምረዋል፤ በ1973 ዓ.ም. የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራምም ከእሳቸው ስም ጋር የተያያዘ ነው። በኢትዮጵያ ከእርሻ መሬት በዓመት በአማካይ ከሄክታር 42 ቶን አፈር ይታጠባል የሚለው በሰፊው የሚጠቀስ ግምት የእሳቸው ነው። አዲስ አፈር የሚፈጠርበት ፍጥነት ከዚህ ጋር አይወዳደርም። ከእነዚህ ተራሮች የሚጠረገው አፈር በየወንዙ ወደ ተከዜ ይወርዳል፤ ተከዜ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ አለ። ስለዚህ የደባርቅ ገበሬ ቦረቦር ሲክትር የሚጠቅመው ለራሱ ማሳ ብቻ አይደለም።

እርከን በአካባቢው አዲስ ነገር አይደለም። በደርግ ዘመን በምግብ ለሥራ ብዙ ተራራ ተቆፍሯል፣ የማኅበር ደንም ተተክሏል። ሥራው ሲታዘዝ የተሠራ፣ ዛፉም የመንግሥት ነው የተባለ ስለነበር፣ በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ በብዙ የአገሪቱ ክፍል ሕዝቡ እርከኑን አፍርሶ ደኑን ቆረጠ። ያ ዓመት ለሙያው ሰዎች ሁሉ መራራ ትምህርት ነበር። በ1997 ዓ.ም. ግብርና ሚኒስቴር ያወጣው የማኅበረሰብ ተፋሰስ ልማት መመሪያ፣ ዕቅዱ ከመንደሩ እንዲነሳና የተፋሰሱ ነዋሪዎች ኮሚቴ እንዲመራው ያዘዘው ከዚህ ልምድ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ደግሞ የምግብ ክፍተት ያለበት ቤተሰብ በተፋሰስ ሥራ እየተሳተፈ ድጋፍ የሚያገኝበትን መንገድ ከፈተ። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ያለው ዓመታዊ የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ግን ክፍያ የሌለበት ነው።

ዘመቻው የሚጀመረው ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ምርቱ ጎተራ ከገባና በሬው ካረፈ ወዲያ ነው። ጠዋት በብርድ ጋቢ የደረበ ወንድ፣ ልጅ ያዘለች ሴት፣ ዶማና አካፋ የተሸከመ ወጣት በልማት ቡድን ተከፋፍሎ ወደ ተፋሰሱ ይወጣል። ቀድመው የሚሄዱት ልክ ያዦቹ ናቸው፤ ሁለት ሰዎች ዘንግ አቁመው በመካከሉ ገመድ ይወጥራሉ፣ ሦስተኛው በገመዱ መሐል የተንጠለጠለውን የውኃ ልክ ዓይቶ ከፍ በል ዝቅ በል ይላል። ባስተካከሉበት ላይ ችካል ይተከላል፣ ቆፋሪው ችካሉን ተከትሎ ይገባል። ድንጋይ ባለበት በድንጋይ ይካባል፤ በሌለበት ትሬንች ተቆፍሮ አፈሩ ወደ ታችኛው ጎን ይደለደላል። በቦረቦሩ ውስጥ ክትር ይሠራል። የዚህ ሕዝብ ጉልበት በገንዘብ ቢተመን ማንም ለጋሽ የማይችለው ነው፤ ደቦና ወንፈል የሚያውቅ ሰው ባይሆን ኖሮም አይሠራም ነበር።

ይሁን እንጂ ገበሬው ስለ እርከን የሚያነሳው ቅሬታ ሊደመጥ ይገባዋል። ማሳው ጠባብ ነው፣ እርከን ከእሱ ላይ ሲሶም ባይሆን የሚታይ ቁራሽ ይወስዳል። በድንጋዩ ካብ ውስጥ አይጥ ይራባል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዝናብ በበዛበት ደጋ ውኃን ሙሉ በሙሉ የሚያቆም ቀጥ ያለ እርከን ማሳው ላይ ውኃ ያስተኛል፣ ገብሱም ቢጫ ይሆናል። ለደረቅ አገር የተቀመረ አሠራር እንዳለ ወደ ውርጭ ሲወጣ የሚሆነው ይኸው ነው። ለዚህ መፍትሔው ውኃውን ቀስ አድርጎ ወደ ጎን የሚያስወጣ ዝንባሌ ያለው እርከንና የማፋሰሻ ቦይ ነው፤ አባቶች በማረሻ የሚያወጡት ፈሰስ የዚሁ ጥበብ ነበር። በእርከኑ ጀርባ ላይ ደሾ ሣር ወይም ትሪ ሉሰርን ሲተከል ደግሞ የተወሰደው መሬት መኖ ሆኖ ይመለሳል፤ ገበሬው እርከኑን በየዓመቱ የሚጠግነው ያኔ ነው።

በእኔ ግምት ከሁሉ የላቀ ውጤት የሚታየው በቁፋሮው ሳይሆን ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ በሚደረገው ኮረብታ ላይ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ልቅ ግጦሽ ይከለከላል፣ ጠባቂ ይቆማል፣ መሬቱ ይተዋል። በመጀመሪያው ክረምት ሣሩ ይነሳል። ሁለት ሦስት ዓመት ሲቆይ በሥር ተደብቆ የኖረው ቁጥቋጦ ያቆጠቁጣል፣ ከግርጌው ያለው ምንጭም በበጋ ቶሎ መንጠፉን ይተዋል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ሣሩ ሲደርስ ኮሚቴው ቀን ይቆርጣል፤ በዚያ ቀን ከየቤቱ ሰው ማጭዱን ይዞ ይወጣል፣ ድርሻውን አስሮ ይወስዳል። አቅመ ደካማ የሆነች እናት ልጅ ካልላከች ጎረቤት ያጭድላታል። መተዳደሪያ ደንቡ የሚጻፈው በቀበሌ ቢሆንም፣ የሚከበረው ሽማግሌ ስለቆመበትና ቅጣቱ በእድርም ስለሚያስጠይቅ ነው።

ችግሩ እዚህም አለ። ኮረብታው ሲዘጋ ብዙ ከብት ያለው ሰው ብዙ ያጣል፤ በጎችን በግጦሽ የምታሳድግ፣ መሬት የሌላት ሴት ደግሞ ያላትን ሁሉ ታጣለች። ማገዶ የሚለቀመውም ከዚያው ስለነበር ኩበት ይነድዳል፤ ኩበቱ ሲነድ ማሳው ማዳበሪያውን ያጣል። ከተዘጋው መሬት ለንብ ማነብ ወይም ለከብት ማድለብ ለተደራጁ ወጣቶች ሲሰጥም ሽማግሌዎቹ የወል መሬታችን ተወሰደ ይላሉ። ከአንዱ ወስዶ ለሌላው የሚሰጥ ክለላ ሌሊት ሌሊት በከብት ይጣሳል፤ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃና የመኖ አቅርቦት አብረውት ካልሄዱ ጠባቂ ብቻውን አይመልሰውም።

ባሕር ዛፍን በተመለከተ ባለሙያው ሲያወግዘው ገበሬው ይተክለዋል። እኔ ከገበሬው ጋር ነኝ፤ ቢያንስ በከፊል። ቶሎ ይደርሳል፣ አጠናው ይሸጣል፣ ቤት ይሠራበታል፣ በችግር ቀን ጥሬ ገንዘብ ይሆናል፤ ከሁሉ በላይ ባለቤቱ ማን እንደሆነ አያጠያይቅም። ምንጭ ዳርና ለም ማሳ ላይ ሲተከል ግን ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ያለማንም ትእዛዝ ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ለከሰል ተክለው ወረዳውን አረንጓዴ አድርገውት ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት የገባው የዝገት በሽታ ግን ተክሉን ክፉኛ ጎድቶታል። በአንድ ዛፍ ላይ የቆመ ኑሮ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

ከላይ ያለው ፓርክ ሌላ ታሪክ አለው። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ በዩኔስኮ የመጀመሪያ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ዋሊያን፣ ቀይ ቀበሮንና ጭላዳን ሲጠብቅ ሰውን እንደ ባላጋራ የያዘበት ዘመን ረጅም ነው። በደርግ ጊዜ ከሰሜናዊው ገደል ሥር ነዋሪዎች በኃይል ተነስተዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ ከዝርዝሩ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከ400 በላይ የግጭ መንደር አባወራዎች ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። መንግሥት በፈቃድ የተደረገ ነው ብሎታል፤ ፈረንሳዊው የታሪክ ጸሐፊ ጊዮም ብላንክ ደግሞ በሰሜን ተራሮች ላይ በጻፉት መጽሐፍ ይህን ሁሉ የአረንጓዴ ቅኝ ግዛት ብለውታል። እኔ በቃሉ ሙሉ በሙሉ ባልስማማም፣ ገብስ ዘሪና በግ አርቢ የነበረ ሰው ከተማ ዳር ሲሰፍር የሚያጣው ካሣ እንደማይሸፍነው አምናለሁ። ነዋሪዎቹ በተነሱበት ቦታ የጓሳ ሣሩ ግን ተመልሷል፤ ሁለቱም እውነት ነው።

ሌላ መንገድ እንደነበረ በሰሜን ሸዋ ያለው መንዝ ያስረዳል። የጓሳ ሣር ምድሩን የአስቦና የጌራ ተወላጆች ለተወሰኑ ዓመታት እየዘጉ፣ በጋራ ውሳኔ እየከፈቱ ለክዳንና ለገመድ ለዘመናት ሲያጭዱት ኖረዋል። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ፈረሰ፤ ኋላም ነዋሪው ራሱ በአዲስ መልክ አደራጅቶት ዛሬ ቀይ ቀበሮ የሚኖርበት የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኗል። እዚያ ሣሩ የማን እንደሆነ አከራካሪ አይደለም።

የሰሜን ሰው ለፓርኩ ግድ የለውም የሚል ካለ መጋቢትና ሚያዝያ 2011 ዓ.ም.ን ያስታውስ። በፓርኩ የተነሳው እሳት የአስታውን ቁጥቋጦና የጓሳውን ሣር ሲበላ፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር ከእስራኤልም ባለሙያዎች ከመምጣታቸው በፊት ገደሉን በእግሩ ወጥቶ በቅጠልና በአፈር እሳቱን የተጋፈጠው የደባርቅና የዙሪያው ሕዝብ ነው። ብዙዎቹ በአስጎብኚነት፣ በበቅሎ ጭነት፣ በምግብ አብሳይነትና በስካውትነት ከቱሪስት የሚኖሩ ነበሩ። ዋሊያው ሲጠፋ እንጀራቸው እንደሚጠፋ ያውቃሉ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ግን ከባድ ሆኑ። ኮሮና ቱሪስቱን አስቀረ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት በሰሜን ኢትዮጵያ የተነሳው ጦርነት ዳባት ወረዳ ደረሰ፤ በነሐሴ መጨረሻ ጭና ላይ ንጹሐን ተጨፈጨፉ። ተፈናቃዩ ደባርቅንና ዳባትን ሞላ፤ በዳባት ወረዳ ዓለምዋጭ ደግሞ ለኤርትራውያን ስደተኞች መጠለያ ተከፈተ። የእነዚህ ሁሉ ማገዶ የሚመጣው ከዚያው ከቆመው ዛፍ ነው። በ2016 ዓ.ም. ድርቁ ጃናሞራንና አጎራባቾቹን መታ፤ በዚያው ጊዜ የክልሉ ግጭት ባለሙያው ቀበሌ እንዳይደርስ፣ ቱሪስቱም ሰሜንን እንዳያይ አድርጓል። የዋሊያ ቁጥርም በእነዚህ ዓመታት ክፉኛ ቀንሷል።

ኦስትሪያ ቀደም ባሉት ዓመታት የደገፈችው የፓርኩ የተቀናጀ ልማት ፕሮጀክት፣ የአፍሪካ የዱር እንስሳት ፋውንዴሽን ሥራዎች፣ የዘላቂ መሬት አያያዝ ፕሮግራሙ ሁሉ አሻራ ጥለዋል። በ2010 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የደባርቅ ዩኒቨርሲቲም ከደጃፉ ያለውን ተፋሰስ የመለካትና የመከታተል ዕድል አለው። ፕሮጀክት ግን ያበቃል፣ ፕሮጀክቱ ሲያበቃ ጠባቂው ደመወዙን ያጣል።

ለዚህ ነው ከገንዘቡ ይልቅ የወል መሬት ይዞታ ጉዳይ የሚያሳስበኝ። የአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ፣ አስቀድሞ በቁጥር 133/1998 ኋላም በ252/2009፣ ለገበሬው የግል ማሳ ደብተር አስገኝቶለታል። ኮረብታው፣ ግጦሹና የቦረቦሩ ዳር ግን በብዙ ቀበሌ የሁሉም እየተባለ ወሰኑ ሳይለይ ይኖራል፤ የሚያርሰው እየገፋ ይገባበታል፣ አዲስ አመራር ሲመጣ ለሌላ ይሰጠዋል። የተጠቃሚው መንደር በስም ተለይቶ፣ ወሰኑ ተለክቶ፣ ደንቡ በወረዳ ፍርድ ቤት የሚጸና ሆኖ ይዞታው ቢመዘገብ፣ ኮሚቴው ሣሩን የሸጠበትን ገንዘብ ለጠባቂው መክፈልና ክትሩን መጠገን ይችላል። በደባርቅና በዳባት ብዙ ተፋሰሶች ኮሚቴው አለ፣ ደንቡም ተጽፏል፤ የቀረው ካርታው ነው።