ወረርሽኝ ሲገባ የትምህርት ቤት ሜዳ ለምን ቀድሞ ይዘጋል?

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ ይፋ የተደረገው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከሦስት ቀናት በኋላ መንግሥት ትምህርት ቤቶች፣ ስፖርታዊ ውድድሮችና ብዙ ሕዝብ የሚታደምባቸው ስብሰባዎች ለ15 ቀናት እንዲቋረጡ ወሰነ። ቀናቱ ግን ወደ ወራት ተራዘሙ። መጋቢት 30 ቀን ለአምስት ወራት የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ መጨባበጥና ከአራት ሰው በላይ መሰባሰብም ተከለከለ። የዓመቱ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ፤ የሚሌኒየም አዳራሽም የኮቪድ ሕክምና ማዕከል ሆነ። በአገሪቱ 26 ሚሊዮን ገደማ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታቸው ተለዩ።

ተማሪዎቹ የተለዩት ከመማሪያ ክፍል ብቻ አልነበረም፤ ከሜዳውም ጭምር እንጂ። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኘው የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በዚያ ፋብሪካዎች፣ የጋራ መኖሪያ ቤቶችና የእርሻ ማሳዎች ጎን ለጎን ይገኛሉ። በጋራ መኖሪያ ሕንጻ ውስጥ ለሚያድግ ልጅ ሰፊው መጫወቻ ብዙውን ጊዜ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ነው። በሌላ በኩል ከፋብሪካ የሚመለሰው ወላጅና ምርቱን ይዞ ወደ ገበያ የሚገባው አርሶ አደር በአንድ መንገድ ይገናኛሉ፤ በሽታም በዚሁ መንገድ ከከተማ ወደ ገጠር ሊሻገር ይችላል።

ጥንቃቄው በስፖርት ላይ የበረታበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቫይረሱ በዋናነት ከአፍና ከአፍንጫ በሚወጡ ጥቃቅን ጠብታዎች ይተላለፋል። የሚሮጥ ወይም የሚጮህ ሰው በኃይል ስለሚተነፍስ ጠብታዎቹ ይበዛሉ። በእግር ኳስ ተጫዋቾች ይተሻሻሉ፤ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ይጨናነቃል፤ ግብ ሲቆጠር ተመልካቹ ይተቃቀፋል። ስለዚህ ትልቁ ስጋት ያለው ከእንቅስቃሴው ይልቅ በመጠጋጋቱ ላይ ነው።

ትምህርት ቤቶች ዳግም የተከፈቱት በየተራ ሲሆን፣ የገጠር ወረዳዎች ከጥቅምት 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቀድመው እንዲከፍቱ፣ አዲስ አበባ ደግሞ በመጨረሻው ዙር እንድትከተል ተወሰነ። የተማሪዎች ቁጥር በአንድ ክፍል ከ20 እስከ 25 እንዲሆንና ትምህርቱ በፈረቃ እንዲሰጥ ታሰበ። መመሪያ ቁጥር 30/2013 የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግንና የሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቀት መጠበቅን ግዴታ አደረገ። በየዓመቱ በኅዳር ወር የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያም ወደ ጥር 2 ቀን 2013 ዓ.ም. ተሸጋገረ።

ይሁንና ሜዳን መዝጋት የራሱ ዋጋ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ጠንከር ያለ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ለገጠር ልጅ ከብት መጠበቅና ረጅም መንገድ መጓዝ ይህን በከፊል ሊተካ ይችላል። ቤት ለዋለ የከተማ ልጅ ግን የሚተካለት ነገር ጥቂት ነው፤ በጨዋታ የሚያገኘው የጓደኛ ወግና የአእምሮ እረፍትም ይቀርበታል።

በመሆኑም ለወደፊቱ ተመሳሳይ ችግር ቢከሰት፣ ሁሉንም ከመዝጋት በፊት እንቅስቃሴዎችን በዓይነት መለየት ይጠቅማል። ገመድ ዝላይ፣ ተራርቆ መሮጥና በቦታ ላይ የሚሠራ የሰውነት ማጎልመሻ በአየር ላይና በትንሽ ቡድን ሊቀጥሉ ይችላሉ። የትምህርት ቤቶች ውድድርና ተመልካች የሚሰበስብ ጨዋታ ግን መዘግየት ይገባዋል። በከባድ እንቅስቃሴ ጊዜ መሸፈኛ ማድረግ ለመተንፈስ ስለሚያስቸግር አይመከርም፤ መከላከያው ርቀት ነው። ከጨዋታ በፊትና በኋላ እጅን በሳሙና ለመታጠብ ደግሞ ውኃ ያስፈልጋል። በየትምህርት ቤቱ የውኃ ቧንቧን አስቀድሞ ማዘጋጀት ሜዳው በወረርሽኝ ጊዜም ለልጆች ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ከሚያግዙ ሥራዎች አንዱ ነው።