ሥልጣን በጭልፋ

ጃንዋሪ 18 ለእኛ የከተራ ሰሞን ነው። በደቡብ ምዕራብ ሕንድ፣ በካርናታካ ግዛት ባሕር ዳር፣ ኡዱፒ በምትባል ትንሽ ከተማ ደግሞ በየሁለት ዓመቱ በዚህ ቀን ሌሊቱን ተኝቶ የሚያድር ሰው ጥቂት ነው። ገና ጎህ ሳይቀድ ጆዱካቴ ከሚባለው ሥፍራ ሰልፍ ይነሳል። ከበሮ መቺውና ነፊው ይቀድማል፣ ጨፋሪው ይከተላል፣ ከዚያ ባጌጠ መቀመጫ ላይ የተሰየሙ መነኮሳት ይመጣሉ። መቀመጫውን ድሮ ሰው ነበር በትከሻው የሚሸከመው፤ አሁን አሁን በተሽከርካሪ ላይ ይጫናል። ሰልፉ የሰረገላ ጎዳና ወደሚባለው አደባባይ ሲደርስ ተረካቢው መነኩሴ መጀመሪያ በግድግዳ ላይ ባለች ጠባብ መስኮት አምላካቸውን ክሪሽናን ይሳለማሉ። ከዚያ ወደ ክሪሽና ገዳም ይገባሉ። ተሰናባቹ በር ላይ ይቀበሏቸዋል፤ እጃቸውን ይዘው ወደ ውስጥ ይወስዷቸዋል፤ ሦስት ነገሮችንም ያስረክቧቸዋል፦ የገዳሙን ቁልፍ፣ አክሻያ ፓትራ የሚባለውን የምግብ ዕቃና አንድ ጭልፋ።

ስለ ኡዱፒ ለማወቅ ከፈለግን ከዚህ ጭልፋ መጀመር ያለብን ይመስለኛል። ለሁለት ዓመት የቤተ መቅደሱ የበላይ የሚሆነው ሰው የሚቀበለው ምልክት የወጥ ቤት ዕቃ ነው። የተረከበው ሥራም ይኸው ነው፦ የመጣውን ሁሉ ማብላት።

ርክክቡ ፓርያያ ይባላል፤ ተራ ማለት ነው። ነገሩ ወደ 13ኛው ክፍለ ዘመን ይመልሰናል። ፈላስፋው መነኩሴ ማድቫቻርያ የተወለዱት ከኡዱፒ አጠገብ በምትገኘው በፓጃካ መንደር ነበር። አምላክና ነፍስ ለዘላለም ሁለት ናቸው፣ አንድ አይሆኑም የሚለው ትምህርታቸው ድቫይታ ይባላል፤ ከሕንድ ታላላቅ የፍልስፍና መንገዶች አንዱ ነው። ስለ ክሪሽና ምስል የሚነገረው አፈ ታሪክ ግን ከባሕር ይነሳል። ማልፔ ዳርቻ ላይ ማዕበል መርከብ ሲያንገላታ ማድቫ የለበሱትን ጨርቅ አውለብልበው ወደብ አስገቧት። የመርከቡ አዛዥ የወደዱትን እንዲወስዱ ቢለምናቸው፣ መርከቧን እንዲያረጋጋ የተጫነውን አንድ የሸክላ አፈር ጓል ብቻ ጠየቁ። ከጓሉ ውስጥ ምስሉ ወጣ ይላሉ። በአንድ እጁ የቅቤ መናጫ ዘንግ፣ በሌላው ገመድ የያዘ ሕፃን ክሪሽና ነው። ምግብ የሚያዘጋጅ ልጅ መሆኑን ልብ ይሏል።

ማድቫ ምስሉን የሚጠብቁ ስምንት ደቀ መዛሙርት አቆሙ፤ ከስምንቱም ስምንት ገዳማት ተመሠረቱ፦ ፓሊማሩ፣ አዳማሩ፣ ክሪሽናፑራ፣ ፑቲጌ፣ ሺሩር፣ ሶዴ፣ ካኒዩርና ፔጃቫራ። ምስሉን መንካት የሚችሉት የእነዚህ ገዳማት አለቆች ብቻ ናቸው። ተራው መጀመሪያ ሁለት ሁለት ወር ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የሶዴው ቫዲራጃ ወደ ሁለት ዓመት ከፍ አደረጉት። እንግዲህ አንድ ገዳም ጭልፋውን ካስረከበ በኋላ እንደገና እስኪደርሰው 14 ዓመት ይጠብቃል ማለት ነው። በነዚያ ዓመታት አለቃው ይዞራሉ፣ ያስተምራሉ፣ ለቀጣዩ ተራ ያጠራቅማሉ።

ይህን ዑደት በአንድ ሰው ዕድሜ ማየት ይቻላል። የፔጃቫራው ቪሽቬሻ ቲርታ በሰባት ዓመታቸው፣ በ1938 መነኮሱ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጭልፋውን የያዙት በ1952፣ በ1968፣ በ1984፣ በ2000 እና በ2016 ነው። ከመጀመሪያው እስከ አምስተኛው 64 ዓመት! በዲሴምበር 2019 አረፉ። ሰውየውን በአንድ ቃል መግለጽ አይቻልም። በአዮድያ የራማ ቤተ መቅደስ እንዲሠራ በተደረገው፣ ብዙ ደም ባቃባ ንቅናቄ ውስጥ ስማቸው ከፊት የሚነሳ ነበር። እኚሁ ሰው በ2017 ረመዳን የከተማዋን ሙስሊሞች ጠርተው በክሪሽና ገዳም አስፈጥረዋል፤ በዚህም ከገዛ ደጋፊዎቻቸው ወገን ቁጣ ደርሶባቸዋል።

ድግስ ደግሶ የሚያውቅ ሰው የፓርያያን ዝግጅት ሲሰማ ወዲያው ይገባዋል። ርክክቡ ከመድረሱ ከአንድ ዓመት በላይ አስቀድሞ ተረኛው ገዳም ሙዝ ይተክላል። ቀን ተመርጦ፣ ጸሎት ተደርሶ ነው ችግኙ መሬት የሚነካው። ፍሬው ይበላል፤ ቅጠሉ ግን ሳህን ነውና ከሁሉ ይቀድማል። ሁለተኛው ሥነ ሥርዓት የሩዝ ነው፤ ሩዝ መከማቸት ይጀምራል። ሦስተኛው የማገዶ ነው። ፍልጡ ከቤተ መቅደሱ ኩሬ አጠገብ አንዱ ባንዱ ላይ እየተደረደረ ጉልላት ያለው ሰረገላ መስሎ ይቆማል። በበዓል የሚነዳ ሰረገላ ያለው አገር ብዙ ነው፤ ከማገዶ ሰረገላ ሠርቶ የሚያቆም ግን ሌላ አላውቅም። አራተኛው፣ ርክክቡ ሲቃረብ የሚደረገው፣ ያልተፈተገው ሩዝ ነው።

ከዚያ ሆሬ ካኒኬ ይመጣል። ከየመንደሩ፣ ከየማኅበሩ የጭነት መኪና በአበባና በዘንባባ ተሸልሞ ይገባል፤ የጫነው የሩዝ ጆንያ፣ የኮኮናት ክምር፣ ዱባ፣ የሙዝ ዘለላ ነው። ገንዘብ ያለው ገንዘብ፣ ጓሮ ያለው የጓሮውን ያመጣል። አንዲት አሮጊት ከደጃፏ የቆረጠችው ዱባ ከነጋዴው መቶ ጆንያ ጋር በአንድ መጋዘን ያድራል።

ማዕዱን ጠጋ ብለን እንየው። ተመጋቢው ወለሉ ላይ እግሩን አጣጥፎ በረድፍ ይቀመጣል። ከፊቱ የሙዝ ቅጠል ይነጠፋል፤ የቅጠሉ ጫፍ ወደ ግራ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ጨው ቆንጠር ተደርጎ ይቀመጣል፣ ከቅጠሉ ዳር። አሳላፊዎቹ ባልዲና ጭልፋ ይዘው በባዶ እግራቸው በረድፉ መሐል ሲፈጥኑ ማቆሚያ ያላቸው አይመስልም፤ አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይተካል። ሩዝ መሐል ላይ ይከመራል፤ ሰውየው በጣቱ ጎድጎድ ሲያደርገው ሳሩ የሚባለው ቀጭን፣ በርበሬና ሁመር ያለው መረቅ ይፈስበታል። ቀጥሎ ሳምባር፣ የጥራጥሬና የአትክልት ወጥ ነው፤ እዚህ ኮኮናት ተፈጭቶ ይገባበታል። ከዚያ ጣፋጩ ፓያሳ፤ በመጨረሻ አሬራ። የጨረሰ ሰው ቅጠሉን ወደራሱ አጥፎ ይነሳል፤ ወለሉ ይታጠባል፤ ሌላ ረድፍ ይገባል።

ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በዚህ ወጥ ቤት አይገቡም፤ ስሜትን ይቀሰቅሳሉ ተብለው ለአምላክ ከሚቀርበው ምግብ ተከልክለዋል። በዝናቡ ወራት ደግሞ ሌላ የጾም ሥርዓት ይጀምራል። መጀመሪያው ወር ያለ አትክልት፣ ሁለተኛው ያለ እርጎ፣ ሦስተኛው ያለ ወተት፣ አራተኛው ያለ ጥራጥሬ ነው። ባለሙያ የሚታየው እንዲህ ባለው ጊዜ መሆኑን በጾም ወራት ወጥ የሠራች ሁሉ ታውቀዋለች። የኡዱፒ ወጥ ቤት በዓለም የታወቀው እነዚህን ክልከላዎች ይዞ ነው፤ የጎደለውን በኮኮናት፣ በሁመርና በቅመም ቆላ አድርጎ መሙላትን ተምሯል።

በፓርያያ ማዕድ የማይቀር አንድ ሳምባር አለ። የሚሠራው ማቱ ጉላ ከተባለ ክብ፣ አረንጓዴ ደበርጃን ነው። በቅርብ ያለችው የማቱ መንደር ገበሬዎች ዘሩን የሰጡን ቫዲራጃ ናቸው ይላሉ፤ የመጀመሪያውን ፍሬም ለክሪሽና ያቀርባሉ። ከ2011 ጀምሮ በሕግ የተመዘገበ የአካባቢ ምርት ስም ሆኗል፤ በሌላ ቦታ የበቀለ ደበርጃን ማቱ ጉላ ተብሎ ሊሸጥ አይችልም።

ይህ ሁሉ ደግነት ግን የሚቆረቁር ጉድለት አለው፣ ሊሸፈንም አይገባም። በኡዱፒ የካህናት ወገን የሆኑት ብራሕማኖች ከሌላው ተለይተው በየራሳቸው ረድፍ የመብላታቸው ልማድ ለረጅም ጊዜ ኖሯል፤ ይህን በመቃወም ሰልፍ ተወጥቷል፣ ክስ ተሰምቷል፣ ክርክሩም በቀላሉ የሚዘጋ አይደለም። ጭልፋው ለሁሉ ይደርሳል፤ ጎን ለጎን መቀመጥ ግን ሌላ ጉዳይ ሆኖ ቆይቷል። እኔ እንደማምነው ምግብ ሰጥቶ ገበታ መንፈግ ስጦታውን ያጎድለዋል።

ያቺ የግድግዳ መስኮት የምትናገረው ስለዚሁ ነው። ካናካዳሳ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ፣ ከእረኛ ወገን የተወለደ ገጣሚ ነበር። በትውልዱ ምክንያት ወደ ውስጥ እንዳይገባ ሲከለከል ውጭ ቆሞ ዘመረ፤ ግድግዳው ተሰንጥቆ የክሪሽና ምስል ወደ እሱ ዞረ ይባላል። መስኮቷ ካናካና ኪንዲ፣ የካናካ መስኮት ተብላ ትጠራለች። ዛሬ ቤተ መቅደሱን የሚረከበው መነኩሴ እንኳ ቁልፉን ከመያዙ በፊት ክሪሽናን የሚያየው በር በተከለከለው ሰው መስኮት ነው።

ከበዓላቱ እኔን የሚያስደንቀኝ በኦገስት ወይም በሴፕቴምበር የሚውለው የክሪሽና ልደት ነው። ቀኑን ጾመው ይውላሉ፤ እኩለ ሌሊት ላይ መባ ያቀርባሉ። ገዳሙ ላዱ የሚባለውን ድቡልቡል ጣፋጭና እንደ ቀለበት የተጠማዘዘ የሩዝ ዱቄት ጥብስ በብዛት አዘጋጅቶ ያድላል። በማግስቱ ቪትላ ፒንዲ ነው። በሰረገላ ጎዳና ላይ በተተከሉ ምሰሶዎች እርጎና ባለቀለም ውሃ የሞሉ ገንቦዎች ይንጠለጠላሉ፤ እንደ እረኛ የለበሱ ወጣቶች በዱላ እየሰበሩ ያልፋሉ፤ ሕዝቡም ይረጫል፣ ይስቃል። በዚያው ቀን የነብር ጨፋሪዎች ይወጣሉ። ወጣቶቹ ሰውነታቸው በሙሉ ቢጫና ጥቁር እስኪቀባ ለሰዓታት እጃቸውን ዘርግተው ይቆማሉ፤ ቀለሙ እስኪደርቅም መቀመጥ የለም። ከዚያ ታሴ የሚባለው ከበሮ ሲመታ ያ ድካም የት እንደሄደ አይታወቅም። ከሸክላ የተሠራ የክሪሽና ምስል በሰረገላ ዞሮ መጨረሻው ኩሬ ውስጥ መጥለቅ ነው።

ሕንድ ውስጥ ‘ኡዱፒ ሆቴል’ ሲባል ከተማዋን ያላየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሥጋ የሌለበት፣ ንጹሕ፣ ፈጣን፣ ዋጋው የማይከብድ ምግብ ቤት ማለት ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከዚህ አካባቢ የወጡ ድሆች፣ አብዛኞቹ ከቤተ መቅደስ ሙያ ሌላ ያልነበራቸው፣ ወደ ቦምቤይ፣ ወደ ማድራስ፣ ወደ ባንጋሎር ፈልሰው ምድጃ አቆሙ። ማይያ የተባሉት ወንድማማቾች በ1924 ባንጋሎር ውስጥ የጀመሩት ቤት ዛሬ ኤም ቲ አር ተብሎ በመላው ሕንድ ይታወቃል። ኬ. ክሪሽና ራኦ ማድራስ ውስጥ ከዝቅተኛ ሥራ ተነስቶ ውድላንድስ የተባሉትን ሆቴሎች መሠረተ። የሚቀርበው ዶሳ ነው፤ ሩዝና ኡራድ የሚባል ጥራጥሬ ተዘፍዝፎ፣ ተፈጭቶ፣ እንደ እንጀራ ሊጥ አድሮ ቦክቶ በምጣድ ይጋገራል። ድንች የተጠቀለለበትን ማሳላ ዶሳ የፈጠርነው እኛ ነን የሚሉት ኡዱፒዎች ናቸው።

ይህ ዝና ግን ከተማዋን ግማሽ ብቻ ነው የሚያሳየው። ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወጣ ብሎ ማልፔ ትልቅ የዓሣ ወደብ ናት፤ ቱሉ ተናጋሪው የባሕር ዳር ሕዝብ የዓሣ ወጥ ከሌለ ምሳ በላሁ አይልም። ከጁን መጀመሪያ እስከ ጁላይ መጨረሻ፣ ዓሣ በሚራባበት ወቅት፣ ሞተር ጀልባ ባሕር እንዳይገባ ሲከለከል የከተማዋ ገበያ ዝም ይላል።

ሌላም ሳልጠቅስ የማላልፈው አለ። ኡዱፒ ሁለት ባንኮችን ወልዳለች። አንዱን በ1906 የመሠረቱት ሐጂ አብዱላ የተባሉ ሙስሊም ነጋዴ ናቸው። በ1925 የተቋቋመው ሁለተኛው፣ ሲንዲኬት፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ሠራተኞቹን በየደጁ እየላከ በቀን ሁለት አና ይሰበስብ ነበር፤ አንድ ሩፒ 16 አና በሆነበት ዘመን። ሸማኔውም ዓሣ ሻጯም ደብተር ነበራቸው። ሁለቱም ባንኮች በ2020 ከትላልቆች ጋር ተዋሕደው ስማቸው ጠፍቷል።

ተራው እንደቀጠለ ነው። በ2008 ፑቲጌ ሲደርሰው አለቃው ባሕር ተሻግረው ውጭ አገር ሄደዋልና ምስሉን ሊነኩ አይገባም የሚል ከባድ ክርክር ተነስቶ ነበር፤ 16 ዓመት ሞልቶ በጃንዋሪ 2024 እኚሁ አለቃ ጭልፋውን እንደገና ተቀበሉ። ከፑቲጌ ቀጥሎ ያለው ተራ የሺሩር ነው። ፑቲጌ በየቀኑ ረድፍ እያስቀመጠ ያበላ በነበረበት በዚያው ጊዜ፣ ሺሩር በበኩሉ መሬት ቆፍሮ ሙዙን ተክሎ ነበር።