ሊንኩ ወረቀት ላይ ሲወጣ

ስክሪን ላይ ሰማያዊ ሆኖ ከሥሩ የተሰመረበት ቃል ሲነካ ሌላ ገጽ ይከፍታል። ያው ቃል በጥቁርና ነጭ ፕሪንተር ሲታተም ግራጫ ይሆናል፤ መስመሩ ከሥሩ ይቀራል፣ አድራሻው ግን የለም። በመመረቂያ ሰሞን ከአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ወደሚገኙት የጽሑፍና ፎቶ ኮፒ ቤቶች በፍላሽም በቴሌግራምም የሚመጡት ፋይሎች እንዲህ ባሉ ቃላት የተሞሉ ናቸው። ጥራዙ አምሮ ይወጣል፤ ፈታኙ መምህር ግን መረጃው ከየት እንደመጣ ማየት አይችልም።

መፍትሔው የቆየ የመጻሕፍት ሥርዓት ነው፤ የግርጌ ማስታወሻ። ከቃሉ ጎን ትንሽ ቁጥር ይቀመጣል፣ አድራሻው ከገጹ ግርጌ በሙሉ ይጻፋል። የድረ ገጽ ባለሙያዎችም ጉዳዩ አሳስቧቸው ነበር። አሜሪካዊው ኤሪክ ሜየር በ2002 እ.ኤ.አ. ገጹ ሲታተም ብቻ ከእያንዳንዱ ሊንክ ቀጥሎ አድራሻው በራሱ እንዲወጣ የሚያደርግ ዘዴ ጽፎ አስተዋወቀ። የፍልስፍና መምህሩ ጆን ማክፋርሌን የሠራው ፓንዶክ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ደግሞ፣ ሰነዱ ላቴክ በሚባለው የኅትመት ማዘጋጃ ሶፍትዌር በኩል ሲያልፍ፣ ሊንኮቹን ሁሉ ወደ ግርጌ ማስታወሻ የሚቀይር ምርጫ አለው። በዎርድ ለሚሠራ ሰው ሥራው በእጅ ነው። አልት እና ኤፍ 9 አብረው ሲጫኑ ከቃላቱ ጀርባ የተደበቁት አድራሻዎች ይገለጣሉ፤ ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ ሲጫኑ አዲስ የግርጌ ማስታወሻ ይከፈታል።

የአማርኛ ሰነድ ግን የራሱ ጣጣ አለው። የአማርኛ ውክፔዲያ ገጾች አድራሻ በራሳችን ፊደል ነው የሚጻፈው፤ አድራሻው ከብራውዘሩ ተቀድቶ ዎርድ ላይ ሲለጠፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱ ፊደል ወደ ዘጠኝ የፐርሰንት፣ የላቲን ፊደልና የቁጥር ምልክቶች ይበተናል። «አዳማ» የሚለው ባለ ሦስት ፊደል ስም 27 ምልክት ይሆናል ማለት ነው። ይህን ከወረቀት አይቶ በስልክ የሚጽፍ ሰው አይገኝም። እንዲህ ያለውን አድራሻ ወደ ፊደሉ መልሶ ማተም ይሻላል፤ ብራውዘሩ ሲጻፍለት ይረዳዋል።

በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የድሮ ፎንቶች በተሠራ ጽሑፍ ላይ ችግሩ ይገለበጣል። ፎንቶቹ የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀመጡ ስለሆኑ፣ ሙሉው ገጽ በአንድ ፎንት ከተመረጠ የላቲኑ አድራሻ ትርጉም ወደሌላቸው የግዕዝ ምልክቶች ይለወጣል። አድራሻው ያለበትን ቦታ ብቻ ለይቶ በላቲን ፎንት መመለስ ያስፈልጋል። በአዳማ ደግሞ አማርኛ፣ በላቲን ፊደል የሚጻፈው አፋን ኦሮሞና እንግሊዝኛ በአንድ ሰነድ ውስጥ መገናኘታቸው የተለመደ ነውና ይህ ስህተት በቀላሉ ይደርሳል።

ከመስመር የተረፈ ረጅም አድራሻም ጥንቃቄ ይሻል። ሲቆረጥ ሰረዝ መጨመር የለበትም፤ አንባቢው ሰረዙን የአድራሻው አካል አድርጎ ይጽፈዋል። ከሥሩ የሚሰመረውም መስመር መጥፋት አለበት፤ ብዙ አድራሻዎች ውስጥ ያለውን የታች ሰረዝ ይሸፍነዋልና ባዶ ቦታ ያስመስለዋል። በአንድ ነገር አማርኛ ታድሏል። እንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገሩን በነጥብ ስለሚዘጋ ነጥቡ የአድራሻው ይሁን የዓረፍተ ነገሩ ያሳስታል፤ አራት ነጥብን ግን ወረቀት ላይ ከአድራሻ ጋር የሚያምታታው የለም።

ከሁሉ የሚከብደው የአድራሻው ዕድሜ ነው። ስለ አዳማ የሚጽፍ ተማሪ በ1999 ዓ.ም. የተካሄደውን የሕዝብና ቤት ቆጠራ መጥቀሱ አይቀርም፤ ከተማዋ ያኔ 220,212 ነዋሪ ነበራት። ውጤቱን ያወጣው መሥሪያ ቤት በዚያ ጊዜ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ይባል ነበር፣ ድረ ገጹም ሲኤስኤ በሚለው የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ይጠራ ነበር። ዛሬ ተቋሙ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ነው፤ አድራሻውም ተለውጧል። በድሮው ጥራዝ ውስጥ የታተመውን አድራሻ ማንም ሊያርመው አይችልም። ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ የሃርቫርድ ሰዎች ጥናት በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች ውስጥ ከተጠቀሱት ሊንኮች ግማሽ ያህሉ መጀመሪያ የተጠቀሰውን መረጃ እንደማያሳዩ አግኝቷል።

ስለዚህ አድራሻውን ብቻ የያዘ የግርጌ ማስታወሻ ግማሽ ሥራ ነው። የጽሑፉ ርዕስና ያወጣው ተቋም የዚያን ጊዜ ስም አብረው ከታተሙ ሊንኩ ቢሞትም አንባቢው ፈልጎ ያገኘዋል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ይህ በጣም ያስፈልጋል፤ አዳማ ናዝሬት፣ ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት፣ ባቱ ዝዋይ ተብለው በተጻፉባቸው ዘመናት የወጡ ሰነዶች የሚገኙት በዚያው ስማቸው ሲፈለጉ ነው። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ራሱ በ1993 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት ናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ነበር። ለጥናት መጽሔቶች ጽሑፍ ዲኦአይ የሚባለው ቋሚ ቁጥር ካለ ከተራው አድራሻ ይልቅ እሱን ማተም ይመረጣል። ለመንግሥት ገጾች ደግሞ ኢንተርኔት አርካይቭ በ2001 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የከፈተው ዌይባክ ማሽን አለ፤ ተማሪው ገጹን እዚያ አስቀምጦ የቅጂውን አድራሻ ከዋናው ጎን ሊያትም ይችላል። ይህን ማድረግ የሚችለው ገጹ በሕይወት ሳለ ነው፤ ፋይሉን ይዞ ወደ ማተሚያው ከመሄዱ በፊት።

ገጹ የታየበት ቀንም ይጻፋል፤ እዚህ ላይ የዘመን አቆጣጠሩ ካልተገለጸ ማስታወሻው ያሳስታል። 12/02/2015 ተብሎ የታተመ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥቅምት 12 ነው፣ ይኸውም በፈረንጆቹ ኦክቶበር 22 ቀን 2022፤ እንደ ፈረንጆቹ ከተነበበ ግን ፌብሩዋሪ 2015 ይሆናል። በሁለቱ መካከል ከሰባት ዓመት በላይ ልዩነት አለ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ገጹ ደጋግሞ ሊቀየር ይችላል። የወሩን ስም በፊደል ጽፎ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ማከል ለታይፒስቱ የጥቂት ሰከንድ ሥራ ነው።