አንገት ላይ ያለች ትንሽ ዕጢ

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይላል ያገራችን ሰው፣ በመከራ ላይ መከራ ሲጨመር። ምሳሌው ከኑሮ የተቀዳ ነው። በደጋው አገር አንገቷ ያበጠ እናት እብጠቱን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ገበያ ስትወርድ ማየት እንግዳ ነገር አልነበረም። እኛም በልጅነታችን እንቅርትን የእርጅና ምልክት አድርገን እንቈጥረው ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው።

በሰውነታችን ውስጥ ልዩ ልዩ ዕጢዎች አሉ። እንደ እንባ ዕጢ ያሉት የሚሠሩትን በቧንቧ ያፈሳሉ። ሌሎቹ ቧንቧ ስለሌላቸው ሆርሞን የተባለውን ንጥረ ነገር በቀጥታ ወደ ደም ይለቃሉ፤ ደሙም እንደ መልእክተኛ ለሚፈለግበት አካል ያደርሰዋል።

ከነዚህ አንዷ ከማንቁርት በታች የተቀመጠችው፣ የቢራቢሮ ቅርጽ ያላት ታይሮይድ ናት። ክብደቷ 20 ግራም ያህል ነው። ታይሮክሲን የተባለው ሆርሞኗ የሰውነትን ሙቀት፣ የልብን አመታትና የሕፃንን እድገት ይመራል። ሲያንስ ሰው ይበርደዋል፣ ይደክመዋል፣ ቆዳውም ይደርቃል፤ ሲበዛ ልቡ ይፈጥናል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እየበላም ይከሳል።

ታይሮክሲን ያለ አዮዲን አይሠራም። ዝናብ አፈሩን ጠርጎ በወሰደበት ደጋ ግን አዮዲን ጥቂት ስለሆነ፣ በዚያ በበቀለው እህልም ውስጥ ጥቂት ነው። በዚህ ጊዜ ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ የተባለች ዕጢ ታይሮይድን «ጨምሪ» እያለች ታስገድዳታለች። ታይሮይድም ትእዛዙን ለመፈጸም ስትጣጣር ታብጣለች። እንቅርት የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው።

ጉዳቱ በአንገት ብቻ ቢቀር እጅግ ባላሳሰበ ነበር። ነገር ግን እናቲቱ በእርግዝናዋ ወራት አዮዲን በጣም ካነሳት፣ ልጁ አእምሮው ሳይዳብር፣ አንዳንድ ጊዜም መስማትና መናገር ሳይችል ይቀራል። ይህ ጉዳት ከደረሰ በኋላ መድኀኒት አይመልሰውም።

መከላከያው ግን ቀላል ነው። ለአንድ ዐዋቂ በቀን 150፣ ለነፍሰ ጡር 250 ማይክሮግራም አዮዲን ይበቃል። የአንድ ዐዋቂ የሰባ ዓመት ድርሻ ቢደመር አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። የስዊስ አገር በ1922 እ.ኤ.አ. ጨውን ከአዮዲን ጋር መቀላቀል ጀመረ፤ በኢትዮጵያም ለምግብ የሚሸጠው ጨው አዮዲን እንዲገባበት በ2003 ዓ.ም. ደንብ ወጥቷል።

ይሁን እንጂ ደንብ ብቻውን ከድስት ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ወደ ገጠር ለሥራ የምትሄዱ ሹማምንት፣ ገበያ ስትገቡ የሚሸጠው ጨው አዮዲን ያለበት መሆኑን ጠይቁ። እመቤቶችም ጨዉን ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከፀሓይ፣ ከእሳትና ከርጥበት አርቀው ያስቀምጡት፤ ወጡ ሊወርድ ሲልም ይጨምሩት። አንገቱ ያበጠ ሰው ቢኖር ሳያፍር ሐኪም ዘንድ ይቅረብ። ነጠላ እንቅርትን ይሸፍን ይሆናል እንጂ አያድንም።