ለልጆች ጥርስ ጤና የተደረገ በጎ ሥራ

ምግብ ሁሉ የሚታኘከው በጥርስ ነውና፥ ጥርሱ የታመመ ሰው ከማዕድ ፊት ተቀምጦ ሳለ ይራባል። ሕፃን የሆነ እንደ ሆነ ግን ከምግቡ ሌላ ትምህርቱንም ያጣል፤ ሌሊቱን በሕመም ሲያለቅስ ያደረ ልጅ በማግሥቱ የመምህሩን ቃል ልብ ብሎ ሊሰማ አይችልምና።

ይህን ጕዳት ለመከልከል ገንዘባቸውን ከሰጡት ባለጸጎች አንዱ፥ የኮዳክን የፎቶግራፍ ኩባንያ ያቋቋሙት አሜሪካዊው ሚስተር ጆርጅ ኢስትማን ናቸው። እኒህ ሰው በ1854 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) ተወልደው፥ ከችግር የተነሣ በ14 ዓመታቸው ትምህርታቸውን ትተው ወደ ሥራ የገቡ ነበሩ። በእርሳቸውም ስጦታ በ1917 ዓ.ም. በሮቸስተር ከተማ ለችግረኞች ልጆች የጥርስ ሐኪም ቤት ተከፈተ።

ነገር ግን ሥራው የታመመውን ጥርስ መንቀልና መጠገን ብቻ ቢሆን ኖሮ ፍሬው ጥቂት በሆነ ነበር፤ ሐኪሙ አንዱን ሲፈውስ ብዙዎች ይታመማሉና። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፥ ሐኪም ቤቱ ከመከፈቱ አስቀድሞ በ1916 ዓ.ም. የጥርስ ንጽሕና ጠባቂዎች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ተቋቋመ። ከዚያ የወጡትም ወደ ከተማው ትምህርት ቤቶች እየሄዱ የተማሪዎቹን ጥርስ ያጸዱ፥ አጠባበቁንም ያስተምሩ ነበር።

ከዚህ በኋላ ሥራው ባሕር ተሻገረ። በሎንዶን ለሚሠራው የጥርስ ሐኪም ቤት ሚስተር ኢስትማን 200,000 ፓውንድ ሲሰጡ፥ ሎርድ ሪድልና ሰር አልበርት ሌቪ እያንዳንዳቸው 50,000 ፓውንድ ጨመሩ፤ ቤቱም በ1931 ዓ.ም. ተከፈተ። ሰጪው በ1932 ዓ.ም. ቢሞቱም ሥራው አልቆመም፤ በሮማ በ1933፥ በብሩክሴል በ1935፥ በስቶክሆልም በ1936፥ በፓሪስም በ1937 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠሩ ሐኪም ቤቶች ተከፈቱ።

የትምህርቱም ፍሬ ከዚህ የሰፋ ሆነ። በሮቸስተሩ ቤት ይመራመሩ የነበሩት ዶክተር ማይክል ቦኖኮር፥ የጥርስን ገጽ በአሲድ በማሻከር መሙያው አጥብቆ እንዲይዝ ማድረግ እንደሚቻል በ1955 ዓ.ም. ገለጡ፤ ዛሬም የጥርስ ሐኪሞች በየአገሩ በዚህ ዘዴ ይሠራሉ። የሮቸስተሩ ቤት ከከተማው ዩኒቨርሲቲ፥ የሎንዶኑም የትምህርት ክፍል ከሎንዶን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ጋር ተዋሕደው ሐኪሞችን ያሠለጥናሉ።

እንግዲህ ለበጎ ሥራ ገንዘብ የሚሰጥም ሆነ የተሰጠውን የሚያስተዳድር ሁሉ ይህን ያስተውል። ለአንድ ሕመምተኛ መድኃኒት የሚገዛ ምጽዋት መልካም ነው፤ ነገር ግን ከሕመምተኛው ጋር ያልቃል። ሐኪምንና አስተማሪን የሚያፈራ ምጽዋት ግን ሰጪው ካለፈ በኋላ እንኳ ገና ላልተወለደው ልጅ ይደርሳል።