ያልታጨደ ጤፍ ሽያጭ

ነሐሴ ላይ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ጤፉ ገና ቡቃያ ነው፤ ገበሬው ግን ብር የሚያጥረው ያኔ ነው። ነጋዴ መጥቶ ጥር ላይ ለሚረከበው ጤፍ ዛሬ ዋጋ ቢቆርጥ፣ የፋይናንስ ሰዎች ዴሪቬቲቭ የሚሉት ነገር ሥሩ እዚህ ነው፦ ዋጋውን ከእህል፣ ከዶላር ወይም ከወለድ ተመን የሚወስድ ውል።

መደበኛ ባንኮች በዚህ ውል ከዋጋ መዋዠቅ ይጠበቃሉ። ጣጣው ውሉ ራሱ ሸቀጥ ሲሆን ነው፤ ሙሉ ዋጋ ሳይከፈልበት ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣል። መስከረም 2001 ዓ.ም. የአሜሪካው መድን ድርጅት ኤአይጂ «ተበዳሪው ባይከፍል እኔ እከፍላለሁ» እያለ በሸጣቸው ውሎች ተጠልፎ ሊወድቅ ሲል፣ የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ በ85 ቢሊዮን ዶላር ብድር ደረሰለት።

የሸሪዓ ባንኮች ለገበሬው ያላቸው መልስ ሰለም ይባላል። ዋጋው በውሉ ዕለት ሙሉ በሙሉ ይከፈላል። ዓይነቱ፣ ደረጃው፣ ኩንታሉና የመረከቢያው ቀን ይጻፋል። «ከዚህ ማሳ የሚወጣው» ማለት ግን አይፈቀድም፤ ማሳውን በረዶ ቢመታውስ? ገዥው እህሉን ሳይረከብ መልሶ መሸጥም አይችልም፤ ስለዚህ የውል ሰንሰለቱ አይረዝምም።

ይህ ማለት ግን የሸሪዓ ባንኮች ከአደጋ ነፃ ናቸው ማለት አይደለም። የባሕረ ሰላጤው እስላማዊ ባንኮች ከኤአይጂ ዓይነቱ መዘዝ ቢተርፉም፣ ብዙም ሳይቆይ የዱባይ የቤትና መሬት ዋጋ ሲወርድ አብረው ተጎድተዋል። ዋስትና የሚሆን ውል ማጣትም ዋጋ አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በቀናት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ዕቃ በዱቤ አስመጥቶ የዶላር ዕዳ ያለበት ነጋዴ፣ ምነው ዋጋውን ቀድሜ ባስቆረጥኩ ኖሮ ብሎ ሳይቆጭ አይቀርም።

እኛ ዘንድ ወለድ አልባ አገልግሎት በ2004 ዓ.ም. በመመሪያ ተፈቀደ፤ ዘምዘም ባንክም በ2013 ዓ.ም. በዚሁ ዘርፍ የመጀመሪያው ሙሉ ባንክ ሆኖ ሥራ ጀመረ። ብዙ የሚሠራበት ግን ሙራባሃ ነው፤ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ በዱቤ ይሸጣል። በእኔ ግምት ሰለም ወደ ኋላ የቀረበት ምክንያት የሃይማኖት ጉዳይ አይደለም። ጥር ላይ ባንኩ ጤፍ መረከብ፣ ማስመዘን፣ ነቀዝ ሳይገባው ማስቀመጥ አለበት። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡሬ ላይ እንዳለው ያለ መጋዘንና ደረጃ መዳቢ ካልተገኘ፣ የትኛው የባንክ ሥራ አስኪያጅ ይደፍረዋል?