ከባዱን ቃል ገልብጠን እናንብበው

ሬዲዮ ስናዳምጥ፣ ስብሰባ ስንቀመጥ፣ የግብርና ባለሙያም ማሳችን ድረስ ሲመጣ የምንሰማቸው ከባድ ከባድ ቃላት አሉ። ርዕደ መሬት፣ እሳተ ገሞራ፣ ከርሰ ምድር፣ አሲዳማ አፈር ይባላል። ፊደል ቆጥረናልና ማንበቡ አያቅተንም። ትርጉሙ ካልገባን ግን ያነበብነው ድምፁን ብቻ ነው። ያልገባው ሰው ወይ ይፈራል፤ ወይ ሳይጠይቅ «እሺ» ብሎ ይሄዳል። ነገሩ የመሬታችን ነገር ነውና ሁለቱም ይጎዳናል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ቃሉን መፍታት ነው። እስቲ ከምናውቀው እንጀምር።

«መሠረተ ትምህርት» ማለት የትምህርት መሠረት ማለት ነው። «መሠረት» ሲል መጨረሻው «ት» ነበር፤ አሁን «ተ» ሆነ። ይኸ የግዕዝ አነጋገር ነው። የፊተኛው ቃል መጨረሻ እንዲህ ሲለወጥ፣ እኛ «የ» የምንለውን ያህል ነው። ስለዚህ የኋላውን ቃል ወደ ፊት አምጥተን «የ» እንጨምርበታለን። ቤተ ክርስቲያን፣ የክርስቲያን ቤት። ዓመተ ምሕረት፣ የምሕረት ዓመት። ዘዴው ይኸው ነው።

«ርዕደ መሬት»ን እንገልብጥ፤ የመሬት ርዕድ ይሆናል። ርዕድ መንቀጥቀጥ ነው። «ፈራ፣ ራደ» የምንለውም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። በ2017 ዓ.ም. በአፋር፣ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ መሬት ደጋግሞ ተንቀጠቀጠ። ብዙ ሺህ ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ወጡ። ቦታው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። «ስምጥ» ሰመጠ ከሚለው የመጣ ነው። የሸለቆው ሁለት ዳር ቀስ በቀስ ሲለያይ መካከሉ ሰመጠ። መለያየቱ ዛሬም አላቆመም። መሬቱ የሚንቀጠቀጠውም በዚሁ የተነሣ ነው።

«እሳተ ገሞራ» የገሞራ እሳት ነው። ገሞራ በኦሪት ዘፍጥረት ከሰዶም ጋር እሳትና ዲን የዘነበባት ከተማ ናት። በዚህ የተነሣ ቃሉን የሰማ ሰው «ቁጣ ወረደ» ሊል ይችላል። ቃሉ ግን ስም እንጂ ምክንያት አይደለም። ምክንያቱ በምድር ውስጥ በሙቀት የቀለጠ ድንጋይና የታመቀ ጋዝ ነው፤ ስንጥቅ ሲያገኝ ይወጣል። ፈረንጆችም «ቮልካኖ» የሚሉት ሮማውያን የእሳት አምላክ ብለው በሚጠሩት በቩልካን ስም ነው። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር የሃይሊ ጉቢ ተራራ ፈነዳ። አመዱም ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ደረሰ። አመድ የወረደበት ሣርና ውሃ ከብትን ይጎዳል። ስለዚህ ቃሉን በሬዲዮ የሰማ የአካባቢው አርቢ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ግጦሹና ስለ ውሃው ነው።

«ከርሰ ምድር» የምድር ከርስ፣ ማለትም የምድር ሆድ ነው። ሆዳሙን ሰው «ከርሳም» እንለው የለም? የከርሰ ምድር ውሃ ማለት በምድር ሆድ ያለ ውሃ ነው። ዝናቡ ወደ ታች ሰርጎ በአሸዋና በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ይጠራቀማል። ከጉድጓድ የምንቀዳው እሱን ነው። እርከን ስንሠራ የሚሮጠውን ጎርፍ እንገታዋለን፤ ምድርም ትጠጣለች። ሆዷ ባዶ ከሆነ ጉድጓዱም ይደርቃል።

አሁን ደግሞ ከግዕዝ ያልመጣውን እንይ። ባለሙያው «አፈራችሁ አሲዳማ ነው» ቢል የባትሪውን አሲድ አስበን አንደንግጥ። የቃሉ ሥር ላቲን ነው፤ ትርጉሙም ኮምጣጣ ማለት ነው። ብዙ ዝናብ ለረዥም ዘመን የአፈሩን ጠቃሚ ማዕድን አጥቦ ሲወስደው አፈሩ ይኮመጥጣል። ማዳበሪያ ቢጨመርበት እንኳ ሰብሉ በሚገባ አይጠቀምበትም። መድኃኒቱ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። ስንት ኩንታል ይበቃል? ይኸ የሚታወቀው አፈሩ ሲመረመር ነውና ባለሙያውን እንጠይቅ።

አንዳንዱን ቃል ደግሞ የሠራው እኛው የምናውቀው ነገር ነው። ዋልካ ወይም መረሬ የምንለውን ጥቁር አፈር ሊቃውንቱ «ቨርቲሶል» ይሉታል። ሥሩ በላቲን መገልበጥ፣ መዞር ማለት ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ የላዩ አፈር ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። በክረምት ያብጣል፤ የታቹ ወደ ላይ ይገፋል። አፈሩ ራሱን ይገለብጣል ማለት ነው። የበጋው ስንጥቅ የበሬ እግር እንዳይሰብር የሚጠነቀቅ ገበሬ ይኸን ነገር ድሮም ያውቀዋል። የማያውቀው ስሙን ብቻ ነበር።

እንግዲህ ከባድ ቃል ሲመጣ አንሽሽ። እንክፈለው፣ እንገልብጠው፣ ያልገባንን እንጠይቅ። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሳይገባን «እሺ» ማለት ግን ዋጋ ያስከፍላል።

መልመጃ፦ አፈራችን የሚመረመረው በ«ቤተ ሙከራ» ነው። የአገራችን ተራራና ሜዳ «መልክዐ ምድር» ይባላል። ሁለቱን ቃላት ገልብጣችሁ በደብተራችሁ ጻፉ። ከዚያም ማንበብ ላልጀመረ ጎረቤታችሁ አስረዱት።